እሺ ማለት በሰደር አይደለም

ውድ ጋሼ ሙሉሰው፣

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፣ ቀጥሎ የራስ ጤና ይነገራል፣ ከዚያ ፈጣሪ ይመሰገናል፣ ጉዳዩ የሚመጣው በአራተኛው መስመር ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት። ዛሬ ሦስቱን መስመሮች ዘለልኳቸው። ጤናዎንማ ረቡዕ ዕለት በዓይኔ አይቻለሁ። የትምህርት ቤታችንን ደረጃ ያለ ከዘራ ወጡት፣ ርእሰ መምህርቷ ፊት ቁጭ ብለው የአንዲት ልጅ ድምፅ በአንዲት ቃል ቀበሩ፣ ደረጃውንም ያለ ከዘራ ወረዱት። እርስዎ ደህና ነዎት። ደህና ያልሆንኩት እኔ ነኝ። በዕድሜዬ በእርስዎ የተናደድኩት ሁለት ጊዜ ነው፤ የመጀመሪያውን ሃያ ስምንት ዓመት ዋጥ አድርጌ ኖርኩ። ሁለተኛው ግን አልወርድ አለኝ።

አይቆጡ አልልዎትም፤ ከፈለጉ ይቆጡ። ታላቅን መዝለፍ ነውር መሆኑን አልረሳሁም፤ አንቱታውንም እስከ መጨረሻው መስመር አላጎድልብዎትም። በአንቱታ መቆጣት ይቻል እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ እሞክረዋለሁ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ማክሰኞ ዕለት የተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ ነበረን። የልጅ ልጅዎ ያርደን ተወዳደረች። እንደሚያውቁት እኔ የማስተምረው የዜግነት ትምህርት ነው፣ እዚህ በዕብራይስጥ ኤዝራሁት የሚሉትን። ስለዚህ በየዓመቱ ምርጫውን የማስፈጽመው፣ ሳጥኑን የምከፍተው፣ ድምፁን የምቆጥረው እኔ ነኝ። ሁለት ጊዜ ቆጠርኩ። ያርደን ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ፣ ቶም መቶ ዘጠና ስምንት። ቶም ራሱ መጥቶ እጇን ጨበጣት፤ ልጁ ሽንፈት ያውቅበታል። ቁጥሩን ሰሌዳው ላይ ስጽፈው ልጆቹ ጮኹ፣ ጠረጴዛ ደበደቡ፤ ያርደን ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ቀረች። እዚያ ቢኖሩ ኖሮ ያለቅሱ ነበር። እኔ አልቅሻለሁ፤ ጠመኔው ዓይኔ ገባ ብዬ ወጣሁ።

ጥፋት የተባለው ከምርጫው በፊት ያደረገችው ንግግር ነው። ለእያንዳንዱ ተወዳዳሪ ሁለት ደቂቃ ነበር የተሰጠው። ሌሎቹ ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሳሙናና ስለ ዓመት መጨረሻ ጉዞ ተናገሩ። ያርደን እንዲህ አለች፦ «በዝቅተኛው የሂሳብ ምድብ ሃያ ስድስት ልጆች አለን። የአሥራ ዘጠኛችን ቤት አማርኛ ይነገርበታል። ማን መደበን? በየትኛው ፈተና? ለወላጆቻችን ሲነገራቸው በሚገባቸው ቋንቋ ነው ወይ? ከመረጣችሁኝ ይህን በጽሑፍ እጠይቃለሁ።» በቃ፣ ይኸው ነው። ስድብ የለበት፣ ጩኸት የለበት። ሦስት ጥያቄ ነው። ልጆቹም መረጧት፤ የመረጧት ደግሞ የእኛ ልጆች ብቻ አይደሉም፤ የእኛ ልጆች በትምህርት ቤቱ ሙሉ ቢደመሩ መቶ አይሞሉም።

በማግስቱ እናቷን ጠሩ። ልጅዎ ያለምዘውድ በአረጋውያን ቤቱ ተረኛ ስለነበረች በእሷ ቦታ እርስዎ መጡ። እውነቱን ልንገርዎት? በመስኮት ሳይዎት ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ። በዚህ ከተማ ሃያ ዓመት መጋሼር ሆነው፣ በትምህርት ቤትና በእኛ ቤተሰቦች መሃል አስተርጓሚና አገናኝ ሆነው የሠሩ ሰው፤ ከዚያ በፊት ጎንደር ገጠር ውስጥ ለስንቱ ልጅ ፊደል ያስቆጠሩ ሰው መጡ አልኩ። ኢፋትን ደግሞ ጀማሪ አስተማሪ ሳለች ጀምሮ ያውቋታል፤ ዛሬ ርእሰ መምህርት ብትሆን ለእርስዎ ያው ኢፋት ናት። እሳቸው ያውቁላታል አልኩ።

በክፍሉ ውስጥ አራታችን ነበርን። ኢፋት ውሃ አቀረበችልዎት። ያርደን ውድ ልጃችን ናት አለች፤ ግን እንዲህ ያለ ንግግር ልጆችን ይከፋፍላል፣ እኛ እዚህ አንድ ቤተሰብ ነን አለች። ቀጥላ ወረቀቱን አወጣች። «በድምፅ ቆጠራው ላይ ጉድለት በመታየቱ ተማሪዋ በራሷ ፈቃድ ከኃላፊነቱ ተነሥታለች» ይላል። ከታች ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ ለቤተሰብ፣ አንዱ ምርጫውን ላስፈጸመው አስተማሪ። ጉድለት! ሁለት ጊዜ የቆጠርኩት እኔ እዚያው ተቀምጬ!

ያርደን በዕብራይስጥ «እኔ ግን መነሣት አልፈልግም» ብላ ስትጀምር እጅዎን ጉልበቷ ላይ አሳርፈው «ዝም በይ፣ ትልቅ ሰው ሲናገር!» አሏት። ወዲያው ወደ እኔ ዞር ብለው፣ እንደ ቀልድ፣ «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም፤ አይደለም እንዴ አዝመራ?» አሉኝ። ከዚያም ለኢፋት በዚያ ጥርት ባለው ዕብራይስጥዎ «በሰደር፣ ተስማምተናል። እኛ የችግር ሰዎች አይደለንም» ብለው ፈረሙ። ኢፋት እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ «ሙሉሰው፣ አንተ ሁልጊዜም ድልድያችን ነህ» አለችዎት። እርስዎም ፈገግ አሉ።

ድልድይ ይረገጣል እንጂ ራሱ አይሻገርም፣ ጋሼ ሙሉሰው። ይህን ማንም አልነገረዎትም?

እኔስ? እኔ ጠረጴዛውን አየሁ። ጠረጴዛው ላይ የውሃ ብርጭቆ የተወው ክብ ነበር፤ እሱን አየሁ። ኢፋት ወረቀቱን አጥፋ ሰጠችኝና «እስከ እሑድ ፈርመሽ አምጪልኝ» አለችኝ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያርደን ስትወጣ እርስዎን አላየችዎትም፤ እኔን ግን አየችኝ። የመምህር ሙሉሰው የልጅ ልጅ፣ የዜግነት አስተማሪ ጎኗ ተቀምጣ፣ የሚናገርላት አጣች። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይኸው ነው።

ሐሙስ በእነ ያርደን ክፍል የመጀመሪያው ሰዓት የእኔ ነበር። እርስዎ ይስቁ እንደሆነ አላውቅም፤ የዕለቱ ትምህርት ስለ ሕዝብ ፈቃድ ነበር። ሥልጣን የሚመነጨው ከተገዢዎቹ ፈቃድ ነው ብዬ ሰሌዳው ላይ ጽፌ ዞር ስል ያርደን እጇን አንሥታለች።

«ሀሞራ» አለችኝ፣ መምህርት እንደ ማለት፤ «ትናንት አያቴ ያለው በሰደር የማን በሰደር ነው? የእሱ ነው ወይስ የእኔ?»

ልጆቹ ከደብተራቸው ቀና አሉ። ሁሉም ሰምተዋል ማለት ነው። ከኋላ ወንበር ኦሪኤል የሚባለው ቀልደኛ «ያላ ሀሞራ፣ ይሄ ለፈተና ይመጣል ወይ?» አለና ሳቁ። ያርደን አልሳቀችም።

«አንቺስ? ሁለት ጊዜ ቆጥረሽ የለ? ለምን ዝም አልሽ?»

ዕብራይስጥ አንቱታ የለውም። ጥያቄው ምንም ሳይለሰልስ ፊቴ ላይ አረፈ። አሥራ ስድስት ዓመት አስተምሬያለሁ። «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ እንመለስበታለን» አልኩ። ይህ አስተማሪ ሲሸነፍ የሚላት ነገር መሆኗን እርስዎም ያውቃሉ፤ ልጆቹም ያውቃሉ።

አሁን ወደ መጀመሪያው ንዴቴ ልውሰድዎት። ይህን በቃሌ ነግሬዎት አላውቅም።

ሻአሪያ ሰፈር ውስጥ፣ ከቤትዎ ፊት ለፊት ባለው ሚቅላት፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ፊደል ያስተምሩን ነበር። ጦርነት ሲሆን የምንሸሸግበት የምድር ቤት፣ ሰላም ሲሆን የእኛ ትምህርት ቤት ነበር። መስኮት የለው፤ የእርጥብ ሲሚንቶ ሽታ አለው። እኔ ሁለተኛው ወንበር ላይ ነበርኩ። ወላጆቻችን ልጆቹ አማርኛ ይጥፋቸው አይጥፋቸው ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልነበራቸውም፤ ያሰቡልን እርስዎ ነዎት። ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፈው እርስዎ ስለነበሩ ነው። አስተማሪ የሆንኩትም እንዲሁ። ቁጣዬ የበዛው በዚህ ነው። ለማላከብረው ሰው ይህን ያህል ወረቀት አላባክንም።

አንድ ቀን አንዷ ልጅ «እሺ በዕብራይስጥ ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችዎት። «በሰደር» አሉ፣ ሳያመነቱ፣ ሰሌዳውም ላይ ጻፉት። ሁላችንም ደብተራችን ላይ ገለበጥን። ጋሼ ሙሉሰው፣ ያ ስህተት ነው። እስከ ዛሬ አልታረመም። በሰደር ተስማማሁ ማለት ነው፤ እሺ ማለት ሰማሁ ማለት ነው። እሺ ማለት አሁን ከዚህ ክፍል ልውጣ ማለት ነው። እሺ ማለት ትልቅ ሰው ስለሆንክ ፊት ለፊት እምቢ አልልህም፣ ቤቴ ገብቼ ግን የማደርገውን አውቃለሁ ማለት ነው። አገራችን ላይ ይህን የማያውቅ የለም፤ እሺ የተባለ ሰው ተመልሶ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል። እዚህ ግን አንድ ጊዜ እሺ ካልክ ይጽፉታል፣ ማኅተም ይመቱበታል፣ ፋይል ውስጥ ይከቱታል። በሁለቱ ቃላት መካከል ተቀምጠው ልዩነቱን የሚያውቁት ብቸኛው ሰው ደግሞ እርስዎ ነበሩ።

በአሥራ ሦስት ዓመቴ እናቴን አለምነሽን ትምህርት ቤት ጠሯት። ኪርያት ማታሎን ከምታጸዳው ፋብሪካ በሥራ ልብሷ፣ በዚያ በሰማያዊው ካፖርት፣ ሮጣ መጣች። የክፍል አስተማሪዬ በዕብራይስጥ እንዲህ አለች፦ «ልጅቷ አትናገርም። የሚገባትና የማይገባት አይታወቅም። ቤት የሚረዳት የለም። ሰሜን ያለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይሻላታል።» እርስዎ ለእናቴ የተረጎሙላት ግን፦ «ልጅሽ ጎበዝ ናት፣ ጨዋ ናት ይላሉ። ጥሩ አዳሪ ትምህርት ቤት አግኝተንላታል ይላሉ።»

እናቴ ተነሥታ ቆመች። «ማን ነው ልጄን ከእጄ የሚወስዳት? ምን አጥፍታ? እምቢ ብላለች በሉልኝ። አልሰጥም ብላለች በሉልኝ!»

እርስዎም ወደ አስተማሪዋ ዞረው በዕብራይስጥ «እናትየዋ ስሜቷ ተነክቷል። ትምህርት ቤቱን ታመሰግናለች። እንደማንኛዋም እናት ትንሽ ሐሳብ ገብቷታል» አሉ።

«ታዲያ ተስማማች?» አለች አስተማሪዋ።

እርስዎ ለእናቴ ይህን አልጠየቋትም። ድምፅዎን ዝቅ አድርገው «አለምነሽ፣ ልጅቷ ራሷ ፈልጋለች። ለእኔ ነግራኛለች» አሏት።

አልነገርኩዎትም ነበር። ምንም አልነገርኩዎትም ነበር! ሁለቱንም ቋንቋ እየሰማሁ እዚያው ቆሜ ነበር። እናቴ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። ጨዋ ልጅ መምህሯን ዋሹ አትልም፤ ጨዋነትን ያስተማሩኝም እርስዎ ነዎት። እናቴ «እሺ» አለች። እርስዎ «በሰደር» አሉ። አራት ዓመት ሰሜን ኖርኩ።

ለምን እንዳደረጉት አላውቅም እንዳይመስልዎት። በሚቅላቱ ውስጥ አንድ ክረምት ዝናብ ይዞን የነገሩንን አልረሳሁም። በደርግ ጊዜ አስተማሪዎችን ወረዳ ሰብስበው ካድሬው «የሚቃወም እጁን ያውጣ» አለ። አብሮዎት የሚሠራው የሳይንስ አስተማሪ ብቻውን አወጣ። በማግስቱ ክፍሉ ያለ አስተማሪ ዋለ፤ ከዚያም ወዲያ ያየው የለም። «ከዚያ ወዲህ የእኔ እጅ የሚነሣው ለጠመኔ ብቻ ነው» አሉን። እኛ ልጆች ነበርን፤ ቀልድ መስሎን ሳቅን። እርስዎም አብረውን ሳቁ።

ዛሬ አልስቅም። ያ ፍርሃት ባለበት አገር እውነት ነበር፤ ሕይወትዎን አትርፎልዎታል፣ በእሱ አልፈርድም። ግን ጠቅልለው ይዘውት መጡ። ሻንጣው እንኳ ወደ ሱዳን ሲሄዱ መንገድ ላይ ቀርቷል ይሉን ነበር፤ ፍርሃቱ አልቀረም። እዚህ እኮ እጁን ላወጣ የሚመጣበት መኪና የለም። እዚህ እጁን ላላወጣ ሰው እጅ የለውም ብለው ይጽፉለታል። «ጸጥተኛ፣ አትሳተፍም፣ የሚገባት አይታወቅም» ብለው ይጽፋሉ፣ ወደ ዝቅተኛው ምድብ ይልኩታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ብለው አስተማሩን፤ ዝንቡ አልገባም፣ እንጀራውም ግን አልገባም።

ያርደን እጇን አወጣች። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ልጅ አብሯት አወጣ። ያንን ሁሉ እጅ አንድ በአንድ ወደ ታች ያወረደው ካድሬ አይደለም፤ ሁለት አስተማሪዎች ናቸው። አንዱ ጡረተኛ፣ አንዷ ገና በሥራ ላይ ያለች።

ሐሙስ ከሥራ ስወጣ እናቴ ቤት ሄድኩ። እኔ ካለሁበት ከኔቬ ኦዝ ሁለት ፌርማታ ናት። በረንዳው ላይ ፎጣ ስታጥፍ አገኘኋት። ቁጭም ሳልል ነገርኳት።

«እማዬ፣ ያኔ አዳሪ ትምህርት ቤቱ መሄድ አልፈለግኩም ነበር።»

እጇ አላቆመም። «ታዲያ ማን ነው የፈለገው?»

«ማንም። ጋሼ ሙሉሰው ነው ያሉት። እኔ አላልኩም።»

ፎጣውን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። «ሰምተሽ ነበር?»

«ሰምቼ ነበር።»

«ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አፍሽን ምን ያዘው?»

«እንዴት አድርጌ ሰውየውን ዋሹ ልበል፣ እማዬ? መምህሬ ናቸው።»

«እና እኔን በውሸት ማኖር ቀለለሽ?»

አጠገቧ ቁጭ አልኩ። እሷ ወደ መንገዱ እያየች፣ «እኔ እኮ አፍራብኝ ነው የሄደችው ብዬ ነው» አለች። «በዚያ በሥራ ልብስ መጥቼ፣ ልጆቹ ሁሉ አይተውኝ፣ አፍራብኝ ነው ብዬ ነው። ለዚያ ነው ከዚያ ወዲያ ትምህርት ቤትሽ ያልመጣሁት። ስትመረቂም ያልመጣሁት።»

ስመረቅ ያልመጣችው ሥራ ይዟት መስሎኝ ነበር፣ ጋሼ ሙሉሰው። እኔ ደግሞ ያንን ተቀይሜ ኖሬያለሁ። አንድ የተለሳለሰ ትርጉም እናትና ልጅን ሃያ ስምንት ዓመት ጀርባና ጀርባ አስቀመጠን። እርስዎ ሰላም ያወረዱ መስሎዎት ወደ ቤትዎ ሄደው እራትዎን በሉ።

እናቴ ፎጣዋን አንሥታ ማጠፍ ቀጠለች። «ለሙሉሰው ንገሪው» አለችኝ። እሷ አንቱ አትልዎትም፤ እኩያዎ ናት። «ያኔ እምቢ ነው ያልኩት በይው። ዛሬም እምቢ ነው። በደንብ ይተርጉመው።» ይኸው ነገርኩዎት፤ ሳልቀንስ፣ ሳልጨምር።

ዛሬ ዓርብ ጠዋት መምህራን ክፍል ገብቼ ወረቀቱን አወጣሁ። በመጀመሪያው መስመር ላይ የእርስዎ ፊርማ አለ፤ በአማርኛ። ያቺን «ሙ» አወቅኋት። እግሯን ወደ ጎን እንዴት እንደምናወጣ ጣቴን ይዘው ያሳዩኝ «ሙ» ናት። ከዚያ በሁለተኛው መስመር ላይ የምጽፈውን ጻፍኩ፤ ምን እንደጻፍኩ ወረድ ብዬ እነግርዎታለሁ። ኮፒ አነሣሁና ዋናውን ለጸሐፊዋ ሰጠሁ። ቦርሳዬን ሳልይዝ ኢፋት ከክፍሏ ወጣች፣ ወረቀቱ በእጇ።

«አዝመራ፣ ይሄ ፊርማ አይደለም። ደግሞ በስንት ቋንቋ ነው?»

«በሁለት።»

«አማርኛው ለምን አስፈለገ?»

«ከፈራሚዎቹ አንዱ የሚፈርመው በአማርኛ ስለሆነ።»

በሩን ገፋ አደረገችው። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ይህ ነገር ለልጅቷ አይጠቅማትም አለች። ለአንቺም አይጠቅምሽም፤ የሚመጣው ዓመት ክፍለ ጊዜ ገና አልተደለደለም፣ ሰንበትሽን በደንብ አስቢበት፣ እሑድ ንጹሕ ወረቀት እሰጥሻለሁ አለች።

«እሺ» አልኳት።

ፊቷ በራ። እሺ የምትለዋን ቃል እዚህ ትምህርት ቤት ከዘበኛው እስከ ርእሰ መምህርቷ ሁሉም ያውቃታል። ትርጉሟንም የሚያውቁት እርስዎ እንዳስተማሩት ነው። «ሻባት ሻሎም፣ የኔ ማር» ብላ ትከሻዬን ዳበስ አደረገችና ገባች። እሑድ ጠዋት ትክክለኛውን ትርጉም ታገኘዋለች።

ምን ሊመጣ እንደሚችል አውቃለሁ። ሊወስዱብኝ የሚችሉትን ሁሉ ቆጥሬያለሁ፤ ቆጠራ ሥራዬ ነው። ግን እኔ ምን ልሁን ብዬ ነው ኤዝራሁት የማስተምረው? ስለ ምክር ቤትና ስለ ፍርድ ቤት መጽሐፉ ላይ ያለውን ልጆቹ ራሳቸው ማንበብ ይችላሉ። የሕዝብ ድምፅ የሚባለው ነገር ይጠበቅ አይጠበቅ የሚያዩት ከእኔ እጅ ነው። ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ብዬ ሰሌዳ ላይ ጽፌ በማግስቱ «ጉድለት» ብዬ ከፈረምኩ፣ እነዚያ ልጆች ከሁለት ዓመት በኋላ አሥራ ስምንት ሞልቷቸው ወደ እውነተኛው ሳጥን ሲሄዱ ምን አምነው ወረቀት ይከታሉ? አይሄዱም። ቢሄዱም እየሳቁ ነው። አገር እንዲህ ነው የሚበላሸው፤ በቲቪ በሚጮኹት ብቻ አይደለም፣ ጨዋ በሆኑ አስተማሪዎችም ነው። ጨዋነቴ ሰልችቶኛል።

እርስዎም ቢሆኑ ጡረታ ወጣሁ አይበሉኝ። አስተማሪ ጡረታ የሚወጣው ካስተማረው ነው እንዴ? ሃያ ስድስቱ ልጆች የተመደቡት እኮ ወላጆቻቸው እሺ ብለው፣ በሰደር ተብሎ ተጽፎላቸው ነው።

እንግዲህ ጉዳዬ ይኸው ነው። ይህን ደብዳቤና ኮፒውን ሰንበት ሳይገባ ሻአሪያ መጥቼ የፖስታ ሳጥንዎ ውስጥ እከተዋለሁ። በሩን አላንኳኳም፤ ካየሁዎት እለሳለሳለሁ፣ መለሳለስም ከእርስዎ ነው የተማርኩት። እሑድ ጠዋት በሁለት ሰዓት፣ በእነሱ ስምንት፣ ኢፋት ክፍል እንገባለን። ያርደን ትመጣለች። ያለምዘውድ ተረኛነቷን ቀይራ ትመጣለች። እናቴም ትመጣለች፤ ጉልበቷን እያመማት፣ ማንም ሳይጠራት፣ ሰማያዊውን ካፖርት ለብሼ ነው የምመጣው ብላለች፣ አስቀምጣው ኖሯል።

እርስዎ መጥተው ፊርማዎን ያንሡ። ወይም አይምጡና ፊርማዎ እንዳለ ይቀመጥ፤ በእጅዎ ነው ያለው፣ እኔ አልሰርዝልዎትም። የሰው ድምፅ ሰርዤ አላውቅም፤ ከዚህ ወዲያም አልሰርዝም። ከመጡ ግን ያርደን ስትናገር እጅዎን ከጉልበቷ ላይ ያንሡልኝ። አስተርጓሚም አያስፈልጋትም፤ ዕብራይስጧ ከሁላችንም ይበልጣል።

አንድ ነገር ብቻ ጎድሏታል፤ አማርኛ ማንበብ አትችልም። ሚቅላቱ ከተዘጋ ወዲህ የሚያስተምራት አላገኘችም። ስለዚህ ከእርስዎ ፊርማ ሥር ያለውን መስመር እርስዎ ያንብቡላት። «እኔ አዝመራ፣ ድምፁን ሁለት ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ጉድለት የለበትም። ያርደን ተመርጣለች» ይላል። ፊደል ስቼ እንደሆነ በቀይ ያርሙት።

ሲተረጉሙላት ግን፣ አደራ፣ ቃል በቃል።

በሚቅላቱ ሁለተኛ ወንበር ላይ የነበረችው ተማሪዎ
አዝመራ